የጠፋው ክብደት የት ሄደ?

(ለአዲስ አንባቢዎች በራዲዮ የተሰጠ ንግግር፣ በጽሑፍ የተገለበጠ)

እስቲ ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ ትንሽ ታሪክ እናወራለን፣ ትንሽ ሂሳብም እንሠራለን። ሂሳቡ አያስፈራም። መደመርና መቀነስ የቻለ ሁሉ ሊከተለን ይችላል። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን ከወዲሁ ያዙልኝ።

አንድ ጆንያ ከሰል ገዝታችሁ አነደዳችሁት እንበል። ከሰሉ ሲያልቅ በእጃችሁ የሚቀረው ምንድን ነው? ጥቂት እፍኝ አመድ። ጆንያውን ያመጣው ሰው ጎብጦ ነው የተሸከመው። አመዱን ግን ትንሽ ልጅ አንስቶ ይደፋዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ክብደት የት ሄደ? እኛ «ነደደ፣ አለቀ» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን አላለቀም። የት እንደ ሄደ ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ያወቀውም በሚዛን ነው።

በመጀመሪያ ይህን ጥያቄ በሚዛን ከጠየቁት ሰዎች አንዱ ቫን ሄልሞንት ይባላል። የዛሬዋ የቤልጂግ ሰው ነው፤ በ1644 ሞተ። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1648 ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ 62 ፓውንድ ከሰል ሲነድ 1 ፓውንድ አመድ ብቻ እንደሚተው ጻፈ። አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። የቀረው 61 ፓውንድ የት ገባ? በዓይን የማይታይ፣ እንደ አየር የሆነ ነገር ሆኖ ወጣ አለ። ለዚህም ነገር ስም አወጣለት፤ ስሙንም «ጋዝ» አለው። ልብ በሉ፤ ጋዝ ስንል ለኩራዝ የሚገዛውን ላምባ ማለታችን አይደለም። ጋዝ ማለት እንደ አየር ያለ፣ ዕቃው ካልተከደነ በዕቃ የማይቀመጥ ነገር ማለት ነው።

ቫን ሄልሞንት መንገዱን አሳይቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ከእሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ሌላ መንገድ ያዙ። ሽታል የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነበረ። እሱና ተከታዮቹ እንዲህ አሉ፤ በሚነድ ነገር ሁሉ ውስጥ ፍሎጂስተን የሚባል የእሳት ባሕርይ አለ። ነገሩ ሲነድ ፍሎጂስተኑ ይወጣል፤ የሚቀረው አመድ ነው። ለከሰል ይህ አነጋገር ደኅና ይመስላል። ችግሩ የመጣው በብረታ ብረት ነው። ቆርቆሮ ወይም እርሳስ በእሳት ላይ ብዙ ሲቆይ ዱቄት ይሆናል። እርሳስ ስል ደብተራችሁ ላይ የያዛችሁትን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። ዱቄቱ ሲመዘን ደግሞ ከመጀመሪያው ብረት ይከብዳል! ፍሎጂስተን ከወጣለት እንዴት ይከብዳል? ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ ምን አሉ መሰላችሁ? «የፍሎጂስተን ክብደት ከዜሮ በታች ነው፤ ሲወጣ ዕቃው ይከብዳል» አሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ ገበያ ላይ የሚሸጥ ነጋዴ ቢገኝ ማን ያምነዋል?

ሚዛኑን በትክክል የያዘው አንትዋን ላቮዋዚዬ ነው። በ1743 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ሀብታም ነበረ። የገቢው አንድ ምንጭ የንጉሡን ግብር በኮንትራት ከሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ የነበረው ድርሻ ነው። ይህን አትርሱት፤ ኋላ ይመጣል። ገንዘቡን ለጥሩ ሚዛን አዋለው። በዘመኑ ከነበሩት ሚዛኖች ሁሉ የተሻሉትን ያሠራ ነበር።

በ1774 ላቮዋዚዬ ቆርቆሮ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጨምሮ አፉን ደፈነው። ከነቆርቆሮው መዘነው። ከዚያም አሞቀው። ከቆርቆሮው ከፊሉ ዱቄት ሆነ። ሳይከፍት እንደገና መዘነ። ክብደቱ ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ ዕቃውን ከፈተው፤ አየር እየፏጨ ወደ ውስጥ ገባ። አሁን ሲመዝነው ከበደ። እንግዲህ አስተውሉ። ቆርቆሮው የከበደው ዕቃው ውስጥ የነበረውን አየር ከፊሉን ስለ ወሰደ ነው። የተወሰደው ቦታ ባዶ ስለ ሆነ ሌላ አየር ከውጭ ገባበት። ከእሳቱ ምንም ክብደት አልመጣም። ሎሞኖሶቭ የሚባለው ሩሲያዊም በ1756 በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ብረት አሙቆ ክብደቱ እንደማይለወጥ አይቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው በሌላው አውሮፓ ብዙም አልተሰማም።

ቆርቆሮው ከአየሩ የወሰደው የትኛውን ክፍል ነው? ይህን ለመመለስ አንድ እንግሊዛዊ ሳያውቅ ረዳው። ፕሪስትሊ የሚባል ሰባኪ ነው። በነሐሴ 1774 ፕሪስትሊ የፀሐይ ብርሃን በመስታወት ሰብስቦ ከባዜቃ የተሠራ ቀይ ዱቄት አሞቀ። ዱቄቱ ጋዝ አወጣ። በጋዙ ውስጥ ሻማ ሲገባ ቦግ ብሎ ነደደ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ፓሪስ ሄዶ በራት ግብዣ ላይ ይህን ለላቮዋዚዬ አጫወተው። ስዊድናዊው ሼሌ ደግሞ ይህንኑ ጋዝ ከፕሪስትሊ ቀድሞ አግኝቶ ነበር፤ መጽሐፉ ግን በ1777 ነው የወጣው። ላቮዋዚዬ ለሁለቱም የሚገባቸውን ምስጋና አልሰጠም። ይህ ነቀፋ እስከ ዛሬ ይነሣበታል፤ እኔም ትክክለኛ ነቀፋ ነው እላለሁ። ቢሆንም ሁለቱ ያገኙትን ነገር ምንነት የተረዳው እሱ ነው።

ላቮዋዚዬ ባዜቃን በታሰረ አየር ውስጥ 12 ቀን አሞቀ። በባዜቃው ላይ ቀይ ዱቄት ታየ፤ አየሩም ቀነሰ። የቀረው አየር ሻማ ያጠፋ ነበር። ዱቄቱን ሰብስቦ ሲመዝነው 45 ግሬን ሆነ፤ ግሬን በጣም ትንሽ የመድኃኒት ቤት ሚዛን ነው። ዱቄቱን አብዝቶ ሲያሞቀው ተመልሶ 41 ተኩል ግሬን ባዜቃ ሆነ። ከ45 ላይ 41 ተኩል ሲቀነስ ስንት ይቀራል? 3 ተኩል። ይህ 3 ተኩል የወጣው ጋዝ ነው። ጋዙንም ኋላ ኦክሲጅን አለው። እንግዲህ ማቃጠል ማለት ከኦክሲጅን ጋር መጋባት ማለት ሆነ። ፍሎጂስተን የሚባለው ነገር አላስፈለገም።

ባለቤቱን ማሪ አንን ሳላነሣ አላልፍም። በ1771 ስታገባው ገና 13 ዓመቷ ነበር። እንግሊዝኛ ተማረችና የእንግሊዞቹን መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰችለት። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን የመሣሪያ ሥዕሎች የሠራችው እሷ ናት።

ያ መጽሐፍ የወጣው በ1789 ነው። ስለ ወይን ጠጅ መፍላት የተናገረበት አንድ ምዕራፍ አለው። እኛ አገር ጠጅና ጠላ የሚጥል ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጣፋጩ ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያም ያሰክራል። ላቮዋዚዬ እዚያ ላይ ያለው ባጭሩ ይህ ነው። በማንኛውም ሥራ ከሥራው በፊት የነበረው ነገር መጠንና ከሥራው በኋላ ያለው ነገር መጠን እኩል ነው። አዲስ የሚፈጠር የለም። ስለዚህ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል አለ፤ የወይን ጭማቂ እኩል ይሆናል ጋዝና አልኮል። ይህች የእኩልነት ምልክት ታላቅ ነገር ናት። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የሚሠሩት የኬሚስትሪ ኢኩዌሽን የተባለው ሂሳብ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው። ጠጅ ሲፈላ ጠርሙሱን አጥብቃችሁ ብትደፍኑት የሚፈነዳውም ለዚህ ነው። ከስኳሩ ግማሽ ያህሉ ክብደት ጋዝ ሆኖ መውጣት አለበት፤ መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ይሰብራል።

ላቮዋዚዬ ይህን ከጻፈ በኋላ ብዙ ዓመት አልኖረም። የፈረንሳይ አብዮት መጣ። ግብር ሰብሳቢዎቹ ታሰሩ። በግንቦት 8 ቀን 1794 ላቮዋዚዬና 27 ባልደረቦቹ በአንድ ቀን አንገታቸው ተቆረጠ። የሚስቱ አባትም ከመካከላቸው ነበር።

እሺ፣ ክብደቱ እኩል መሆን አለበት። ግን ለምን? ለዚህ መልስ የሰጠው ጆን ዳልተን ነው። እንግሊዛዊ፣ የሸማኔ ልጅ። በ12 ዓመቱ የመንደር ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ ነገር ሁሉ የተሠራው አቶም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው አለ። ነገሮች ሲቀላቀሉና ሲቃጠሉ አቶሞቹ አይፈጠሩም፣ አይጠፉም። የሚለወጠው አቀማመጣቸው ብቻ ነው። እንዲህ አስቡት። ከቤታችሁ ድንጋዩን፣ እንጨቱንና ቆርቆሮውን አፍርሳችሁ ሌላ ቤት ብትሠሩበት የድንጋዩ ቁጥር ያው ነው። በፊት 500 ድንጋይ ከነበረ በኋላም 500 ነው። አንድ ቢጎድል የሆነ ቦታ ወድቋል ማለት ነው፤ ፈልጉት።

ዳልተን ለየአቶሙ ምልክት አወጣ። ለኦክሲጅን ባዶ ክብ፣ ለሃይድሮጅን መካከሉ ላይ ነጥብ ያለበት ክብ፣ ለካርቦን የጠቆረ ክብ። ካርቦን ማለት በከሰል ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ነው። ክቡን መሣል ግን ለማተሚያ ቤት አስቸገረ። በርዜሊየስ የሚባል ስዊድናዊ በ1813ና በ1814 «ክቡን ተዉትና የስሙን መጀመሪያ ፊደል ጻፉ» አለ። ዳልተን ይህን ፊደል ፈጽሞ አልወደደውም። ለተማሪ ዕብራይስጥ ከመማር አይቀልም ብሎ ጽፎ ነበር። እናንተ ፊደል ከቆጠራችሁ ገና ብዙ አልቆያችሁም፤ ለአዲስ ምልክት እንግዳ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። በዚህ ረገድ ከሊቁ ዳልተን ጋር እኩል ናችሁ።

ያሸነፈው ግን ፊደሉ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። እኛ ለዛሬ ድምፁን በፊደላችን እንጽፈው። ካርቦን «ሲ»፣ ሃይድሮጅን «ኤች»፣ ኦክሲጅን «ኦ»።

አሁን ወደ ውሃ እንምጣ። ውሃ የሃይድሮጅንና የኦክሲጅን ውሁድ ነው። ዳልተን ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይሆናል ብሎ ገመተ። ግምቱ ልክ አልነበረም፤ ስሕተቱም ለኬሚስቶች ሁሉ ሃምሳ ዓመት ራስ ምታት ሆነ። ጌ ሉሳክ የሚባል ፈረንሳዊ በዚያው በ1808 ጋዞቹን በስፍር ለካ። ሁለት ስፍር ሃይድሮጅንና አንድ ስፍር ኦክሲጅን ሁለት ስፍር የውሃ እንፋሎት ይሆናሉ አለ። አንዱ ስፍር ኦክሲጅን ለሁለት ስፍር እንፋሎት እንዴት ተካፈለ? አቶም አይከፈልም ተብሏል። ኢጣሊያዊው አቮጋድሮ በ1811 መለሰው። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሁለት ሁለት እየሆነ ተያይዞ የሚሄድ ነው፤ የሚለያዩት ጥንዶቹ ናቸው አለ። የሰማው አልነበረም። በ1860 በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ የኬሚስቶች ጉባኤ ተደረገ። እዚያ ሌላው ኢጣሊያዊ ካኒዛሮ የአቮጋድሮን ሐሳብ አስረዳ፤ ጽሑፉም ታደለ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ዓይነት መጻፍ ጀመረ። አቮጋድሮ ግን ከ4 ዓመት በፊት ሞቶ ነበር።

አሁን እርሳስ አንሡ። እንዲህ ጻፉ፦

ኤች₂ + ኦ₂ → ኤች₂ኦ

ከግርጌ ያለችው ትንሿ 2 ሁለት አቶም ተያይዘዋል ማለት ናት። ቀስቱ «ይሆናል» ማለት ነው። በግራ በኩል ስንት ኦ አለ? ሁለት። በቀኝስ? አንድ። አንድ ኦ የት ጠፋ? ሂሳቡ አልተመዛዘነም።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከውሃው ግርጌ ትንሽ 2 ጽፎ ኤች₂ኦ₂ ያደርገዋል። አይሆንም! ኤች₂ኦ₂ ውሃ አይደለም። በሐኪም ቤት ቁስል ለማጠብ የሚያገለግለው፣ አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው፤ ቢጠጡት ይጎዳል። በርጩማ ሦስት እግር አለው። እንግዳ ሲበዛ ሌላ በርጩማ ታመጣላችሁ እንጂ በአንዱ በርጩማ ላይ አራተኛ እግር አትቀጥሉም። እዚህም እንዲሁ ነው፤ ትንሿን ቁጥር አትንኩ። ከፊት ትልቅ ቁጥር ጻፉ። ውሃው ሁለት ይሁን፦

ኤች₂ + ኦ₂ → 2 ኤች₂ኦ

አሁን ኦ በግራ 2፣ በቀኝ 2። ኤች ግን በቀኝ 4 ሆነ፣ በግራ 2 ነው። በግራ ከኤች ፊት 2 ጻፉ፦

2 ኤች₂ + ኦ₂ → 2 ኤች₂ኦ

ተመዛዘነ። ከፊት ያሉትን ቁጥሮች አንብቡ፤ 2፣ 1፣ 2። የጌ ሉሳክ ስፍር ራሱ ነው።

ወደ ከሰላችን እንመለስ። ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ እንዲህ ነው፦

ሲ + ኦ₂ → ሲኦ₂

ይህ ሳንነካው ተመዛዝኗል። አንድ ሲ፣ ሁለት ኦ በዚህ፤ አንድ ሲ፣ ሁለት ኦ በዚያ። በክብደት ደግሞ 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክሲጅን ይዞ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ካርቦን ሲነድ 3 ኪሎ ከ670 ግራም ገደማ ጋዝ ያወጣል። ያልነው ክብደት አልጠፋም፤ እንዲያውም ከአየር ጨምሮ ነው የሄደው።

ይህ ሂሳብ ከቤታችን ጉዳይ ጋር ይገናኛል። አንድ ኪሎ ካርቦን 2 ኪሎ ከ670 ግራም ገደማ ኦክሲጅን ይፈልጋል። በአየር ውስጥ ኦክሲጅኑ በክብደት ከሩብ ያንሳል። ስለዚህ 11 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ያስፈልጋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ አይሞላም። እንግዲህ ለአንድ ኪሎ ካርቦን ከ12 ሜትር ኩብ በላይ አየር ያስፈልጋል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 22 ሜትር ኩብ ተኩል ይይዛል። ከክፍሉ አየር ከግማሽ በላይ ማለት ነው!

ደግሞም አየሩ እስኪያልቅ ድረስ አደጋው አይጠብቅም። ኦክሲጅን ሲያንስ ከሰሉ ሌላ ሂሳብ ይሠራል፦

2 ሲ + ኦ₂ → 2 ሲኦ

ቁጠሩት። ሲ 2 በ2፣ ኦ 2 በ2። ተመዛዝኗል፤ የወጣው ግን ሌላ ጋዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ከሰሉ ተቆልሎ ውስጡ ሲግልም እንዲህ ይሆናል፦

ሲኦ₂ + ሲ → 2 ሲኦ

ከታች የወጣው ጋዝ በጋለው ፍም ውስጥ ሲያልፍ ሌላ ካርቦን ጨምሮ ይወጣል። ከፍሙ በላይ ሰማያዊ ነበልባል ስትል አይታችሁ የለ? ያ ሲኦ አየር አግኝቶ ሲነድ ነው። ሳይነድ የሚያመልጠው ነው የሚገድለው።

ሲኦ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አያስለቅስም፤ አያስልም። ክሎድ በርናር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1850ዎቹ የገደለበትን መንገድ ገለጸ። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። ስኮትላንዳዊው ሃልደን በ1895 ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ፣ ደሙን እየመረመረ ስንት እንደሚያዞር ጻፈ። ጋዙ ወፍንና አይጥን ከሰው ቀድሞ ይጥላል፤ ስለዚህ ማዕድን ቆፋሪዎች ትንንሽ እንስሳት ይዘው ይግቡ ብሎ መከረ። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ የተባለችውን ወፍ እስከ 1986 ይዘው ይገቡ ነበር።

በእኛ ቤት ወፍ የለችም። በብርድ ሌሊት ከሰሉን አቀጣጥለው፣ በርና መስኮት ዘግተው የሚተኙ ሰዎች አሉ። «ጭሱ ወጥቷል፣ ቀይ ፍም ሆኗል፣ አሁን አያስፈራም» ይላሉ። ሂሳባችን ግን ስለ ጭስ አንድም ፊደል የለውም። ጭስ ኖረም አልኖረ፣ ካርቦኑ እስካለና እስከጋለ ድረስ ሲኦ ይወጣል። ከሰል ያለበት ቤት አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍት ቦታ ይኑረው። ሊተኙ ሲሉ ከነማንደጃው ወደ ደጅ ማውጣት ነው። ከሰል በነደደበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ ከመጡ ሰውየውን ቶሎ ወደ ውጭ አየር አውጡት፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመሙ ደግሞ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት።

ለደብተራችሁ አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። ብረት «ኤፍኢ» ይባላል፤ ከላቲን ስሙ ከፌሩም የመጣ ነው። ዝገት ውስጥ ውሃም አለበት፤ ለዛሬ ውሃውን እንተወውና እንዲህ ጻፉ፦

— ኤፍኢ + — ኦ₂ → — ኤፍኢ₂ኦ₃

ባዶ ቦታዎቹን ሙሉ። ከኦ ጀምሩ፤ በግራ ሁለት ሁለት ይመጣል፣ በቀኝ ሦስት ሦስት። ሁለትና ሦስት የሚገናኙት በስንት ላይ ነው? በ6። ከዚያ ብረቱን ቁጠሩ። ያገኛችሁት 4፣ 3 እና 2 ከሆነ ልክ ናችሁ። የዛገ ሚስማር ዝገቱ ሳይረግፍ ቢመዘን ከአዲሱ ሚስማር ለምን እንደሚከብድም ከዚያው ከሂሳቡ ላይ ታነቡታላችሁ። ደህና ሁኑ።